ኢክሽቫኩ፤ ስለ አንድ የሳንስክሪት የነገሥታት ስም ትርጓሜ

የሕንድን የነገሥታት የትውልድ ሐረግ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ከአንድ ስም ጋር ይገናኛል፤ ይኸውም ኢክሽቫኩ የሚባለው ስም ነው። ፑራና በሚባሉት መጻሕፍት እንደ ተጻፈው፥ ከጥፋት ውሃ በዓሣ ተመርቶ የዳነው ማኑ የፀሐይ ልጅ ነው፤ ኢክሽቫኩ የማኑ ልጅ ነው፤ የአዮድያም የመጀመሪያ ንጉሥ እርሱ ነው። የራማያና ባለ ታሪክ ራማ ከዚሁ ዘር ተወለደ ይባላል። የቡድሃ ወገን የሆኑት ሻክያዎችም ‹እኛ የኢክሽቫኩ ዘር ነን› ይሉ ነበር። የጃይና ሃይማኖት ተከታዮችም የመጀመሪያው መምህራቸው ሪሻባ የዚሁ ዘር ራስ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። በሌላው ነገር የሚከራከሩት እነዚህ ሦስት ወገኖች በስሙ ክብር ይስማማሉ፤ የስሙን ፍች በተጠየቁ ጊዜ ግን መልሳቸው ለየቅል ነው።

አንድ ስም ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የትውልድ ቍጥርን እንደ ታሪክ ምንጭ ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ጥያቄው ትንሽ አይደለም፤ ስሙ የሰው ስም ነው ወይስ የጐሣ፥ የሳንስክሪት ቃል ነው ወይስ የባዕድ፥ ትርጓሜው ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ፥ ይህ ሳይታወቅ ከሐረጉ ላይ የሚሠራ ታሪክ ሁሉ መሠረቱ አሸዋ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

የፑራናዎቹ ጸሐፊዎች የሕንድን ነገሥታት በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፍሏቸዋል፤ አንዱ የፀሐይ ወገን፥ ሁለተኛው የጨረቃ ወገን ይባላል። ሁለቱም ከማኑ ይወርዳሉ። ማኑ ወንድ ልጅ ሽቶ ለሚትራና ለቫሩና መሥዋዕት ባቀረበ ጊዜ፥ ካህኑ ሥርዐቱን ስላፋለሰው ኢላ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ ከእርስዋና ከጨረቃ ልጅ የጨረቃ ወገን ነገሥታት ተወለዱ። የፀሐይ ወገን ነገሥታት ግን የመጡት በኢክሽቫኩ በኩል ነው። እንግዲህ የእርሱ አወላለድ እንዴት ነበረ? ቪሽኑ ፑራና በአራተኛው መጽሐፉ በአጭር ቃል እንደሚነግረን፥ ማኑ ባነጠሰ ጊዜ ኢክሽቫኩ ከአፍንጫው ተወለደ። ባጋቫታ ፑራናም ይህንኑ ይደግማል። ምክንያቱ ለሳንስክሪት አዋቂ ግልጽ ነው፤ በሳንስክሪት ‹ክሹ› የሚለው ሥር ማነጠስ ማለት ነውና፥ ‹ኢክሽቫኩ› ከሚለው ስም መካከል ይህን ድምፅ ሰምተው ታሪኩን ከድምፁ አወጡት።

ይህ የኢክሽቫኩ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከእርሱ በታች ያሉትን ነገሥታት ስም በተራ የተመለከትን እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ስም የራሱን ታሪክ ተሸክሞ ይገኛል። የኢክሽቫኩ ልጅ ቪኩክሺ ለአያቶች መታሰቢያ የሚሆን ሥጋ አድኖ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ በመንገድም ራበውና ካደነው መካከል አንዲቱን ጥንቸል በላት፤ ስለዚህ ‹ሻሻዳ›፥ ማለት ጥንቸል በላ፥ ተባለ። የእርሱ ልጅ አማልክት ከአጋንንት ጋር ሲዋጉ ሊረዳቸው የወደደው ኢንድራ በሬ ሆኖ በትከሻው እንዲሸከመው ነው፤ በሻኛው ላይ ተቀምጦ ድል ስላደረገም ‹ካኩትስታ›፥ ማለት በሻኛ ላይ ያለ፥ ተባለ። ዩቫናሽቫ የሚባለው ንጉሥ ልጅ አጥቶ ሳለ ለሚስቱ የተቀደሰውን ውሃ በሌሊት ተጠምቶ ሳያውቅ ጠጣው፤ ፀነሰም፤ ጐኑ ተከፍቶ ወንድ ልጅ ተወለደ። ‹ይህ ሕፃን የማንን ጡት ይጠባል?› ቢባል ኢንድራ ጣቱን በአፉ አግብቶ ‹እኔን ይጠባል› አለ፤ ይህን ቃል በሳንስክሪት ሲናገሩት የሕፃኑን ስም ማንዳታን ይመስላል። ሳጋራ የተባለው ንጉሥ ደግሞ ገና በማኅፀን ሳለ የእናቱ ጣውንት መርዝ አብልታት ስለ ነበረ፥ ‹ሳ ጋራ›፥ ማለት ከመርዝ ጋር፥ ተብሎ ተጠራ። ከኢክሽቫኩ ልጆች አንዱ ኒሚ ነው፤ በርግማን ሥጋውን ስላጣ፥ ልጁም ከሬሳው ተንጦ እንደ ቅቤ ስለ ወጣ፥ አገራቸው ቪዴሃ፥ ማለት ሥጋ የሌለው፥ ከተማቸውም ሚቲላ ተባለ ይላሉ።

እንግዲህ እነዚህን ታሪኮች በአንድነት ስናያቸው አሠራራቸው አንድ ዐይነት ነው፤ አስቀድሞ ስሙ አለ፥ ፍቹ ግን ጠፍቷል ወይም ደብዝዟል፤ ተራኪው ስሙን እንደ ሥጋ ብልት ይቈራርጠውና ከየብልቱ ታሪክ ያወጣል። የሕንድ ሊቃውንት ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ አይቈጥሩትም ነበር። የቬዳን አስቸጋሪ ቃላት የፈታው የጥንቱ ሊቅ ያስካ፥ ያለ ፍች መተው የሚገባው ቃል የለም፤ ሰዋስዋዊ ሥሩ ግልጽ ባይሆን እንኳ በፊደልና በድምፅ በሚመስለው መፈታት አለበት፥ ብሎ ሕግ አውጥቷል።

እኔ ራሴ ይህን የማነጠስ ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁት በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ነበረ። በዚያን ጊዜ ባዘጋጀሁት አጭር ድርሰት ‹ይህ የቃል ጨዋታ ስለ ሆነ ለታሪክ ጸሐፊ አይጠቅምም› ብዬ በሁለት መስመር አለፍሁት። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በዚያ ቦታ ዳር ‹በአገርህ መጻሕፍትን እንዴት ይተረጕማሉ?› የሚል ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት አገኘሁ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የመጻሕፍት መምህር ከጉባኤው መካከል ተቀምጦ ‹አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲህ ነው› እያለ አንዱን ቃል ወደ አራትና ወደ አምስት ፍች ሲያወርደው በልጅነቴ ሰምቼ ያደግሁ ሰው፥ የባዕድ አገር ሊቃውንት ይህንኑ ሲያደርጉ ባየሁ ጊዜ ስለ ናቅኋቸው አፈርሁ። መምህሩ ‹አንድም› ሲል የፊተኛውን ፍች ሐሰት ነው ማለቱ አይደለም፤ ቃሉ የሚሸከመውን ትምህርት ሁሉ መቍጠሩ ነው። እርግጥ ነው፥ ከዚህ የተነሣ የማነጠሱ ፍች የቃሉ እውነተኛ ሥር ነው አልልም፤ አይደለምም። ነገር ግን ‹የቃሉ ሥር ምንድር ነው?› የሚለው ጥያቄና ‹ይህ ፍች ለተናገሩት ሰዎች ምን ሠራላቸው?› የሚለው ጥያቄ ሁለት ናቸው፤ ለሁለተኛው መልስ ለማግኘት የመጀመሪያውን ማወቅ ብቻ አይበቃም።

የማነጠስን ነገር ጥቂት ላብራራ። ማነጠስ በጥንት ሰዎች ዘንድ የነፍስ ነገር ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲያነጥስ ‹ይማርህ› እንደሚባል ሁሉ በሕንድም ‹ሕያው ሁን› ይባል ነበር። በቡድሂስቶች የሥርዐት መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ ቡድሃ ሲያስተምር አነጠሰና መነኮሳቱ በአንድነት ጮኸው ‹በሕይወት ይኑሩ› ቢሉት፥ ‹ይህን ስላላችሁ ሰው ይኖራልን ወይስ ይሞታል?› ብሎ ጠየቃቸው፥ እንዳይሉም ከለከላቸው፤ ነገር ግን ሕዝቡ መነኮሳቱ ምርቃቱን ስለማይመልሱ ተቀይሞ ባጕረመረመ ጊዜ፥ ለምእመናኑ እንዲመልሱላቸው ፈቀደ። እስትንፋስ በአፍንጫ የሚገባና የሚወጣ ሕይወት ከሆነ፥ በማነጠስ የወጣ ልጅ የአባቱ ሕይወት ራሱ ነው ማለት ነው። ኢክሽቫኩ እናት አልተጠቀሰችለትም፤ ከፀሐይ ልጅ እስትንፋስ ወጣ። ኢላ በካህን ስሕተት ስትወለድ እርሱ ያለ ካህንና ያለ መሥዋዕት ተወለደ። የፀሐይ ወገን ነገሥታትን ከጨረቃ ወገን ከፍ ለማድረግ የፈለገ ተራኪ ከዚህ የተሻለ አወላለድ ሊያገኝላቸው አይችልም ነበር።

ወደ ጃይናዎች የተሻገርን እንደ ሆነ የማነጠሱ ነገር ይቀርና በቦታው አገዳ ይተካል። በሳንስክሪት ‹ኢክሹ› ማለት የሸንኰራ አገዳ ነው። ሪሻባ ገና ሕፃን ሆኖ በአባቱ ጭን ላይ ሳለ ኢንድራ የሸንኰራ አገዳ ይዞ ሊጐበኘው መጣ፤ ሕፃኑም እጁን ወደ አገዳው ዘረጋ፤ ኢንድራም ‹እንግዲህ ዘሩ ኢክሽቫኩ ይባል› አለ። ይህ ታሪክ በጃይናዎች ዘንድ ብቻውን የቆመ አይደለም። ሪሻባ ዓለምን ከተወ በኋላ ሕዝቡ ለመነኵሴ እንዴት ምጽዋት እንደሚሰጥ ስላላወቀ ዓመት ያህል ሳይበላ ዞረ፤ በመጨረሻ ሽሬያምሳ የተባለው የሐስቲናፑራ መስፍን የአገዳ ጭማቂ ሰጠውና ጾሙን ፈታ። ዛሬም የጃይና ምእመናን ያን ቀን አክሻያ ትሪትያ ብለው ያከብራሉ፥ ዓመቱን በጾም የቈዩትም በአገዳ ጭማቂ ይፈታሉ። ስለዚህ የስሙ ፍች ከበዓል ጋር፥ በዓሉም ከምጽዋት ሥርዐት ጋር ታስሯል። እግረ መንገዴን የማነሣው፥ እኛም ዛሬ ‹ስኳር› የምንለው ቃል በፋርስና በዐረብ ዞሮ የመጣ የሳንስክሪት ‹ሻርካራ› ነው፤ ከአገዳው ጋር ስሙም ከዚያው አገር ወጥቷል።

ቡድሂስቶቹ አገዳውን ይቀበላሉ፥ ታሪኩን ግን ይለውጡታል። ሙላሳርቫስቲቫዲን የሚባሉት ወገኖች በሥርዐት መጽሐፋቸው እንደሚተርኩት፥ ጋውታማ የሚባል ባሕታዊ ባልሠራው ወንጀል ተከስሶ በእንጨት ላይ ተሰቀለ፤ ሳይሞትም ከሰውነቱ ሁለት ጠብታ ዘር ከደም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ምድር ወደቀ፤ ጠብታዎቹ ሁለት ዕንቍላል ሆኑ፥ ፀሐይ አሞቃቸው፥ ተፈለፈሉም፤ የወጡት ሁለት ልጆች በአጠገቡ ወደ ነበረው የአገዳ እርሻ ገቡ። ስለዚህ የፀሐይ ዘር፥ የጋውታማ ዘር፥ የኢክሽቫኩም ዘር ተባሉ። አንድ ታሪክ ሦስት ስም ይፈታል። የቻይና ተርጓሚዎች ኢክሽቫኩን ‹የሸንኰራ አገዳ ንጉሥ› ብለው የተረጐሙት፥ የቲቤት ተርጓሚዎችም ስሙን በቋንቋቸው ‹የአገዳ› ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ማነጠሱ ሂማላያን አልተሻገረም፤ አገዳው ግን ተሻገረ።

በፓሊ ቋንቋ የጻፉት ቡድሂስቶች ዘንድ ደግሞ ስሙ ራሱ ድምፁን ለወጠ፤ ኢክሽቫኩ ‹ኦካካ› ሆነ። ድምፁ በተለወጠ ጊዜ አገዳውም ማነጠሱም አብረው ጠፉ፤ ከዚህ ስም ‹ኢክሹ›ን ሊሰማ የሚችል ጆሮ የለምና። ነገር ግን ስሙ ያለ ፍች አልቀረም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በሴሎን የጻፈው ታላቁ ተርጓሚ ቡድሃጎሳ፥ ይህ ንጉሥ ሲናገር ከአፉ እንደ ችቦ ያለ ብርሃን ይወጣ ነበር፤ ችቦም በፓሊ ‹ኡካ› ይባላል፤ ስለዚህ ኦካካ ተባለ፥ ይላል። ፍቹ ከድምፁ ጋር ተጕዞ እንደ ተለወጠ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በትምህርቱ ዓለምን አበራ የሚባለው መምህር ቅድመ አያት ከአፉ ብርሃን ቢወጣም የሚገባው ነው።

የትውልድ ቍጥር የክርክር መሣሪያ መሆኑ በግልጽ የሚታየው አምባታ ሱታ በሚባለው የፓሊ መጽሐፍ ነው። አምባታ የሚባል ወጣት ብራህማን ቡድሃን ሊጐበኝ መጥቶ በትውልዱ እየተመካ ሻክያዎችን ዝቅተኞች ናቸው ብሎ ሰደበ። ቡድሃም ሻክያዎች የንጉሥ ኦካካ ልጆች መሆናቸውን፥ ንጉሡ የሚወዳት ሚስቱ ለወለደችው ልጅ መንግሥቱን ሊሰጥ ሲል ታላላቆቹን ልጆቹን እንዳሳደዳቸው፥ እነርሱም በሂማላያ እግር በሳካ ዛፎች አጠገብ ተቀምጠው ዘራቸው እንዳይደባለቅ እኅቶቻቸውን እንዳገቡ፥ ንጉሡም ይህን ሰምቶ ‹ልጆቼስ ሻክያ ናቸው›፥ ማለት ብርቱዎች ናቸው፥ እንዳለ ተረከ። ቀጥሎም የወጣቱን ቤት ስም ጠየቀው። ወጣቱ ከካንሃ ዘር እንደ ሆነ ተናገረ። ካንሃ ማለት ጥቍር ነው፤ ይህ ካንሃ የንጉሥ ኦካካ የገረድ ልጅ ነበረ፥ አለው ቡድሃ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በአንዱ ስም ፍች ሻክያዎች ከፍ አሉ፥ በሌላው ስም ፍች ብራህማኑ ዝቅ አለ፥ ሁለቱም ስሞች ደግሞ በአንዱ በኦካካ ቤት ተገናኙ። ወጣቱ ዝም አለ፤ ባልንጀሮቹም ሳቁበት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትርጓሜዎቹ ነው። ቃሉ ራሱ ግን ከየት መጣ? ወደ ጥንታውያኑ ምስክሮች መመለስ ይገባናል፤ እነርሱም ጥቂቶች ናቸው። በሪግ ቬዳ ውስጥ ኢክሽቫኩ የሚለው ስም የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በአሥረኛው መጽሐፍ በ60ኛው መዝሙር ነው፤ እዚያም ባለ ጠጋና ኀያል ሰው መሆኑን እንጂ የማኑ ልጅ ወይም የአዮድያ ንጉሥ መሆኑን አይናገርም። በአታርቫ ቬዳ በ19ኛው መጽሐፍ፥ ኩሽታ ለሚባለው የመድኀኒት ተክል በተዘመረው ውስጥ፥ ተክሉን ያወቀ የጥንት ሰው ሆኖ ይጠቀሳል። ሻታፓታ ብራህማና ስለ ፈረስ መሥዋዕት ሲናገር ፑሩኩትሳን ‹የኢክሽቫኩ ዘር› ይለዋል፤ አይታሬያ ብራህማናም መቶ ሚስቶች እያሉት ልጅ ያጣውን ሃሪሽቻንድራን እንዲሁ ይለዋል። ፑሩኩትሳ በሪግ ቬዳ የፑሩ ነገድ ንጉሥ ነው፤ የፑሩ ነገድም በሰሜን ምዕራብ፥ በፑንጃብ ወንዞች አገር የነበረ ነው እንጂ በጋንጀስ ዳር አልነበረም። ስለዚህ በጥንቱ ምስክርነት ኢክሽቫኩ አባቱ ያልተነገረ፥ አገሩም ወደ ምዕራብ ያጋደለ ነው፤ ከማኑ፥ ከፀሐይና ከአዮድያ ጋር ያዛመዱት ኋላ የተነሡት የግጥም ታሪኮችና ፑራናዎች ናቸው።

ከሰዋስው በኩል የምናገኘው ምስክርም ትኵረት የሚገባው ነው። ታላቁ የሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ በሕጉ እንደሚያስተምረው፥ በ‹ኡ› ከሚጨርስ ስም የዘር ስም ሲወጣ ‹ኡ›ው መለወጥ እንጂ መጥፋት አይገባውም ነበር፤ ‹አይክሽቫኩ› ከማለት ወደ ‹አይክሽቫካቫ› መሄድ ይገባ ነበር። ሕዝቡ ግን ‹አይክሽቫካ› ይላል። ፓኒኒም በስድስተኛው መጽሐፍ ይህን ቃል ከሌሎች ዐመፀኞች ቃላት ጋር ቈጥሮ እንዳለ ተቀበለው፥ ሕጉንም አላስገደደበትም። ሁሉን በሕግ የሚገዛ ሊቅ ለአንድ ቃል እጁን ሲያነሣ፥ ቃሉ ቀድሞ የመጣ እንግዳ መሆኑን መጠርጠር አይከፋም። ‹ኢክሹ›ን ሥሩ ነው ብንል እንኳ ‹አኩ› የሚለው ጅራት በሳንስክሪት ሰዋስው መደበኛ ቦታ የለውም። ሆላንዳዊው ሊቅ ኮይፐር በ1991 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሪግ ቬዳ ውስጥ ከባዕድ ቋንቋ የገቡ የሚመስሉትን ወደ 380 የሚጠጉ ቃላት ሰብስቧል። ኢክሽቫኩም ከዚህ ዐይነት ስሞች ወገን እንደ ሆነ እኔ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቅሉ እንምጣ። በሕክምና መጻሕፍት፥ በተለይም በቻራካ ሳምሂታ ውስጥ፥ ‹ኢክሽቫኩ› የንጉሥ ስም ሳይሆን የመራራ ቅል ስም ነው፤ በሽተኛውን ለማስታወክ የሚሰጥ መድኀኒት ስለ ሆነ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተጽፎለታል። የንጉሡና የቅሉ ስም አንድ መሆኑን ያየ ሰው በዚያው ወደ ሳጋራ ታሪክ ይመለሳል። ከመርዝ ጋር የተወለደው ሳጋራ ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ አንዲቱ አንድ ልጅ ስትወልድ ሁለተኛይቱ የወለደችው ቅል ነበረ። በማሃባራታ እንደ ተጻፈው ንጉሡ ቅሉን ሊጥለው ሲል፥ ዘሩን እያወጣ ቅቤ በሞላባቸው ማሰሮዎች እንዲያኖረው የሰማይ ድምፅ ነገረው፤ ከየፍሬው ልጅ ወጣ፥ ቍጥራቸውም 60,000 ሆነ። እነዚህ ልጆች የጠፋውን የመሥዋዕት ፈረስ ሲፈልጉ ምድርን ቈፈሩ፥ በካፒላ ዐይን እሳትም ተቃጠሉ፤ ከሳጋራ ዘሮች አንዱ ባጊራታ ጋንጋን ከሰማይ አውርዶ ዐመዳቸውን አጠበ፥ የቈፈሩት ጕድጓድም ባሕር ሆነ፤ በሳንስክሪት ባሕር ‹ሳጋራ› የሚባለው ከእነርሱ የተነሣ ነው ይላሉ።

ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ፕርዚሉስኪ በ1920ዎቹ ዓመታት ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ተመለከተው። በላኦስና በአካባቢው ያሉ ሕዝቦች፥ ለምሳሌ ክሙዎች፥ የሰው ልጆች ከጥፋት ውሃ በኋላ ከአንድ ቅል እንደ ወጡ ይተርካሉ። ቋንቋቸው በሕንድ ካሉት ከሙንዳ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ ነው። እንግዲህ የኢክሽቫኩ ቤት አሪያውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረ፥ ‹ከቅል ተወለድን› የሚል ቤት ቢሆንስ? ስሙ የቅል ስም፥ የሳጋራም ታሪክ የጥንቱ የትውልድ ታሪክ ቅሪት ቢሆንስ?

ይህን ዐሳብ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ እንደ ነበረ አልሸሽግም። ዛሬ ግን ሦስት ነገሮች ያሠጉኛል። በመጀመሪያ፥ ቃሉ ቅል ማለት መሆኑን የሚመሰክሩት የሕክምና መጻሕፍት ከሪግ ቬዳ ብዙ ዘመን ቈይተው የተጻፉ ናቸው፤ ቅሉ በንጉሡ ስም ተጠርቶ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛ፥ በሳጋራ ታሪክ ውስጥ ቅሉ ‹ኢክሽቫኩ› ተብሎ አልተጠራም፤ በራማያና ‹ቱምባ›፥ በማሃባራታ ‹አላቡ› ነው። ተራኪዎቹ የስም ፍች ለማውጣት እንደዚያ የሚተጉ ሰዎች ሆነው ሳለ፥ ይህን ያህል የቀረበላቸውን ፍች አለመጠቀማቸው ያስገርማል። ሦስተኛ፥ ታሪኩ የተነገረው ለራሱ ለኢክሽቫኩ ሳይሆን ከእርሱ ብዙ ትውልድ በኋላ ለመጣ ንጉሥ ነው። ይሁን እንጂ ዐሳቡን ጨርሼ አልጥለውም፤ በአታርቫ ቬዳ ስሙ የተነሣው በመድኀኒት ተክል መዝሙር ውስጥ መሆኑ፥ በሙንዳዎችና በኦራዎኖች ዘንድም በዛፍና በተክል ስም የሚጠሩ ጐሣዎች መኖራቸው ሚዛኑን ወደ ተክል ያዘነብለዋል። ተክሉ ቅል ይሁን አገዳ ይሁን ግን ለመፍረድ የሚበቃ ምስክር የለንም።

ከዚህ ሁሉ ቸልታ የሚመጣውን ጕዳት ለማሳየት የፓርጂተርን ሥራ ማንሣት ይበቃል። በካልካታ ዳኛ የነበረው ይህ እንግሊዛዊ በ1922 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የፑራናዎቹን የትውልድ ቍጥሮች አስተካክሎ፥ ጐን ለጐንም ደርድሮ፥ ከቬዳ በፊት የነበረውን የሕንድ ታሪክ ከዚያ ላይ ለመሥራት ሞከረ። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ጽሑፎቹን እንደ እርሱ በትዕግሥት ያነጻጸረ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የጨረቃ ወገን አሪያውያን ናቸው፥ ከማኑ የወረዱት የኢክሽቫኩ ልጆች ግን ድራቪዳውያን ናቸው ብሎ እስከ መፍረድ ደረሰ። ከኢክሽቫኩ እስከ ራማ ያለው ትውልድ በፑራናዎቹ ስልሳ ያህል ሲሆን በራማያና ሠላሳ አምስት ያህል ነው፤ በራማያናው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የጨረቃ ወገን የሆኑት ናሁሻና ያያቲ ከፀሐይ ነገሥታት መካከል ገብተው ይገኛሉ። ፓርጂተር የራማያናው ዝርዝር የተሳሳተ ነው ብሎ ተወው። ነገር ግን የነገሥታት ስም ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው እንደ ልብ የሚዛወር ከሆነ፥ በሐረጉ ላይ የተደገፈ የዘር ፍርድ በምን ይቆማል?

የዚህ ማኅበር አባሎች በየአውራጃው እየዞሩ የጐሣና የአባቶች ስም የሚጽፉ ስለ ሆኑ፥ ይህ ጉዳይ ከሕንድ ጋር ብቻ የሚቀር አይደለም። በክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባ ልጅ ‹በይነ ልሕክም› መባሉ፥ ቃሉም ከዐረብኛው ‹የጠቢቡ ልጅ› መምጣቱ የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ ፍቹ ከነምንጩ ተገኝቷል። ለብዙዎቹ የጐሣ ስሞቻችን ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመንም። ተማሪዎቼ ከገጠር ይዘዋቸው በሚመለሱት ደብተሮች ውስጥ ሽማግሌው የነገሩት የስም ፍች አንዳንድ ጊዜ እንደ እውነተኛ የቃል ሥር ሆኖ ይጻፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ‹ተረት ነው› ተብሎ ጨርሶ ይቀራል። ፍቹን የተናገረው ማን እንደ ሆነ፥ በምን ክርክር ላይ እንደ ተነገረ፥ ጐረቤቱ ጐሣ ያንኑ ስም እንዴት እንደሚፈታው ቢጻፍ ኖሮ፥ አምባታ ሱታን የመሰለ ምስክር በእጃችን በገባ ነበር።

ትርጓሜው ያልታወቀ ስም ሥልጣን እንደማይጐድለው የአንድራ ነገሥታት ይመሰክራሉ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሳታቫሃና መንግሥት በወደቀ ጊዜ፥ በክሪሽና ወንዝ ሸለቆ ቪጃያፑሪ በምትባል ከተማ ‹ኢክሽቫኩ ነን› የሚሉ ነገሥታት ተነሡ። የመጀመሪያው ቻምታሙላ የፈረስ መሥዋዕት አቀረበ፤ እኅቱ ቻምቲሲሪ ግን ሀብቷን ለቡድሂስቶች ሰጠች፥ በወንድሟም ልጅ በቪራፑሩሻዳታ 6ኛ ዓመተ መንግሥት ታላቁን የቡድሃ መታሰቢያ አሠራች። በዚያ ሥፍራ በተገኘ ጽሕፈት ቡድሃ ራሱ ከኢክሽቫኩ ነገሥታት ዘር የተወለደ ተብሎ ይመሰገናል። የዚህ ምስጋና ብልኀት ለአንባቢ ግልጽ ነው፤ የብራህማን መሥዋዕት የሚያቀርበው ወንድምና የቡድሃን መታሰቢያ የምታሠራው እኅት ያለ ጠብ በአንድ ስም ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ለአንዱ ስሙ ራማን፥ ለሁለተኛይቱ ቡድሃን ያስታውሳልና። እነዚህ ነገሥታት በእውነት ከአዮድያ መምጣታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። ቆይቶም በ10ኛው ክፍለ ዘመን የሴሎን ነገሥታት በድንጋይ ላይ ባስጻፏቸው ትእዛዞች ራሳቸውን የኦካካ ዘር ብለው ጠሩ።

የቪጃያፑሪ ፍርስራሽ ዛሬ ናጋርጁናኮንዳ በሚባለው ሥፍራ ነበረ። በክሪሽና ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ ሊሠራ ስለ ታሰበ፥ ከ1954 እስከ 1960 ዓ.ም. ሸለቆው ሁሉ በጥድፊያ ተቈፈረ፤ ግድቡ በ1967 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ ከተማይቱ ከውሃ በታች ሆነች። ከሕንጻዎቹ ጥቂቶቹ ወደ ኮረብታው ራስ ተዛውረው እንደ ገና ተተከሉ፤ ጽሕፈት ያለባቸው ድንጋዮችም በዚያው በተሠራው ሙዚየም ገቡ። ኮረብታው አሁን ደሴት ስለ ሆነ ጐብኝ የሚደርስበት በጀልባ ነው። ባነበብኋቸው ጽሕፈቶች ውስጥ የነገሥታቱ ስም በፕራክሪት አነጋገር ‹ኢካኩ› ተብሎ ተቀርጿል፤ አነጠሰም፥ አገዳም፥ ቅልም የሚል ግን አላገኘሁም።